ባዶው ጥቅምት

"ቀይ አድርጊው" አሉ አቶ ዓለምሰገድ ከጀርባዋ ቆመው። "ባዶው ላይ ዓይን የሚስብ ነገር ይኑርበት።"

"ባዶ ቦታ እኮ ነው፤ ዓምድ ከሌለ ምኑን ነው ቀይ የማደርገው?" አለች ሳምራዊት ማውሱን ወዲህ ወዲያ እያንቀሳቀሰች።

"እንግዲያው ክበቢው። ቀስት አድርጊበት። እኔ ነኝ እንዴ የማስተምርሽ? ቻርት የምታውቂው አንቺ ነሽ።"

ይቺን ነገር በሰማች ቁጥር የቅጥሯ ነገር ትዝ ይላታል። ለቅጥር ቃለ መጠይቅ የመጣች ቀን "ኤክሴል ላይ እንዴት ነሽ?" ሲሏት ምንም ሳታቅማማ "በጣም ጥሩ ነኝ" ብላ ነበር። እውነቱን እንናገር ከተባለ ቻርት መሥራት የጀመረችው በዚያው ዕለት ማታ ነው፣ ለሚ ኩራ ከእህቷ ከፍሬ ጋር በምትኖርበት ኮንዶሚኒየም አልጋ ላይ ተጋድማ፣ ዩቲዩብ እያየች። ታዲያ ትንሽ ሳይዋሽ የተቀጠረ ማን አለ? ደግሞ ልጅቷ ፈጣን ናት። ዓምዱንም፣ መስመሩንም፣ እንደ ድፎ ዳቦ የተቆራረጠውን ክብም በጥቂት ጊዜ ለቃቅማ ይዛዋለች። ችግሩ፣ በጥድፊያ የተማሩት ነገር የት ጋ እንደሚጎድል አስቀድሞ አይታወቅም። የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ ተቃርቧል፤ የቋሚነት ደብዳቤዋ ተጽፎ አቶ ዓለምሰገድ ጠረጴዛ ላይ ፊርማ ይጠብቃል። ፍሬም በየማታው "ፈረሙልሽ?" እያለች ትጠይቃታለች።

ድርጅቱ ሽቅብ የሊፍት ተከላና ጥገና ይባላል። ቢሮው ቦሌ፣ አንድ መስታወት የለበሰ ሕንፃ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የሕንፃው ባለቤት የሊፍቱን ጥገና ለሌላ ድርጅት ሰጡት፤ ሊፍቱም ወዲያው ተበላሸ፤ ስለዚህ የሽቅብ ሠራተኞች ሽቅቡን የሚወጡት በእግራቸው ነው። ሊፍት ጠጋኝ ሆኖ በደረጃ እያለከለከ ቢሮ የሚገባ ሰው ማየት ለጎረቤት ቢሮዎች ጥሩ መዝናኛ ሆኗል። አቶ ዓለምሰገድ ፊት ግን ይህን አንስቶ የሚስቅ የለም።

ዛሬማ ጭራሽ የሳቅ ቀን አይደለም። ኅዳር እንደገባ፣ ሳሊተ ምሕረት አካባቢ ባለው የወይዘሮ የሺመቤት ሕንፃ ውስጥ ሊፍቱ በሁለት ፎቅ መሃል ቀጥ አለ። ውስጡ የነበሩት አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ስኳር አለባቸው። በሩ ተፈልቅቆ ሲወጡ ራሳቸውን ስተው ነበር። እግዜር ይመስገን ተርፈዋል፤ ከሆስፒታል ግን ገና አልወጡም። ወይዘሮ የሺመቤት ነገሩን እንደሰሙ ደውለው "ጥፋቱ የማን እንደሆነ ቁርጡን ንገሩኝ፤ አለበለዚያ ሕንፃዎቼን በሙሉ ከእናንተ እወስዳለሁ" ብለዋል። መልሱን ሊሰሙ ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ይመጣሉ።

መልሱ ደግሞ ይኸው ሳምራዊት ስክሪን ላይ ተቀምጧል። ውሉ በየወሩ መጨረሻ አንድ ፍተሻ፣ በጳጉሜ ደግሞ የዓመት መዝጊያ ፍተሻ ይላል። ያንን ሕንፃ የሚፈትሸው ሂካ የሚባለው ቴክኒሻን ነው። ቻርቱ ላይ ሰኔ ዓምድ አለው፤ ሐምሌም፣ ነሐሴም አላቸው። ጳጉሜ ባዶ ነው። መስከረም አለው። ጥቅምት ባዶ ነው። ጳጉሜን "እሱን ተዪው፣ ጳጉሜ ላይ ማን ይሠራል" ብለው አቶ ዓለምሰገድ አልፈውታል። ጥቅምት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሊፍቱ ሊቆም ጥቂት ቀን ሲቀረው ማለት ነው። ቴክኒሻኑ አልሄደም፣ ሊፍቱ ቆመ፣ ሰው ሊሞት ነበር። ሂካ የስንብት ደብዳቤውን ይቀበላል፣ ወይዘሮዋም ይረጋጋሉ።

ባዶውን ከበበችው፤ ቀይ ቀስትም አደረገችበት። አቶ ዓለምሰገድ ስልካቸውን አውጥተው ስክሪኑን ፎቶ አነሱና እዚያው ቆመው በቴሌግራም ላኩት።

"ለእሳቸው ነው የላኩት?" አለች ሳምራዊት።

"አዎ። ተናደው ከሚመጡ አውቀውት ይምጡ።"

ሂካ ከሥራ ላይ ተጠርቶ የመጣው ወዲያው ነው። ግንባሩ በላብ ወርዝቷል። ቦሌ ቡልቡላ ተወልዶ ያደገ፣ ወደ አርባው የተጠጋ ሰው ነው። አባቱ ጤፍ ያርሱበት የነበረው መሬት ላይ ዛሬ ፎቅ ቆሞበታል፤ እሱ የፎቅ ሊፍት እየጠገነ ያድራል። "አባቴ መሬቱን አገላበጠ፣ እኔ ላዩ የቆመውን" እያለ ራሱ ነው የሚቀልድበት። አሁን ግን የአቶ ዓለምሰገድን ፊት ሲያይ ቀልዱ ጠፋበት።

"ጥቅምት መጨረሻ ላይ የት ነበርክ?" አሉት።

"ሥራ ላይ ነዋ።"

"የወይዘሮ የሺመቤት ሕንፃ ሄደሃል?"

"ሄጃለሁ። በሩን ፈትሻለሁ። የሚንሸራተትበት ጎማ አልቋል ብዬም ወረቀቱ ላይ ጽፌያለሁ።"

አቶ ዓለምሰገድ ስክሪኑን አዙረው አሳዩት። "ይኸውልህ።"

ሂካ ጎንበስ ብሎ አየ። "ምንድነው ይሄ?"

"ሥራህ ነው። ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ መስከረም። ጥቅምትህ የታለ?"

"ወረቀቱን ሞልቼ ሰጥቻለሁ፣ አቶ ዓለምሰገድ።"

"የሰጠኸው ወረቀት ሁሉ እዚህ ገብቷል። አልገባም ሳምራዊት?"

"ገብቷል" አለች። እውነቷን ነው፤ አንድም ሳይቀር የጻፈችው እሷ ናት። የተቀጠረችውም ቢሮውን ከወረቀት ለመገላገል ነው። ወረቀቶቹ ካርቶን ውስጥ ታሽገው ከከተማ ወጣ ብሎ ያለው መጋዘን ከገቡ ሰንብተዋል፤ ማንም እንደገና ያያቸዋል ተብሎ አይታሰብም።

"የሕንፃውን ጥበቃ ጠይቁት። የሚፈርምልኝ እሱ ነበር።"

"ያ ጥበቃ ሥራ ለቆ አገሩ ገብቷል። ስልኩም አይሠራም።"

ሂካ እንደገና ወደ ስክሪኑ ዞረ። ሳምራዊት ይጮሃል፣ ጠረጴዛ ይደበድባል ብላ ጠብቃ ነበር፤ ያን ቢያደርግ ይሻላት ነበር። እሱ ግን ጣቱን ወደ ባዶው ቦታ አስጠጋና ሳይነካው መለሰው።

"ምናልባት ከሌላኛው ሕንፃቸው ጋር ተምታቶብኝ ይሆን?" አለ። የሚጠይቀው ራሱን ይመስላል።

"ስምንት ሰዓት ላይ ውጭ ኮሪደሩ ላይ ጠብቅ" አሉት አቶ ዓለምሰገድ። "ስትጠራ ትገባለህ።"

ምሳ ሰዓት ላይ ሳምራዊት ምሳ ዕቃዋን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ትንሽ አየር ልውሰድ ብላ ወደ ደረጃው ብትወጣ ሂካ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ስልክ ያወራል። በኦሮምኛ ነው የሚያወራው። ሳምራዊት ቋንቋውን እምብዛም አትሰማም፤ ግን ደጋግሞ አንድ ነገር እየጠየቀ እንደሆነ ከድምፁ ገብቷታል። ዘግቶ ቀና ሲል አያት።

"ጫልቱ ናት፣ ባለቤቴ" አላት። "ያን ቀን የት ነበርኩ ብዬ ጠየቅኋት።"

"ምን አለችህ?"

"ሥራ ብለህ ወጣህ፣ ማታ ቅባት በቅባት ሆነህ ገባህ አለችኝ። ቅባቱ የየትኛው ሊፍት እንደሆነ እሷ በምን ታውቃለች?"

"አንተ ራስህ አታስታውስም፣ ጋሽ ሂካ?"

"እስከ ዛሬ ጠዋት አስታውስ ነበር። ጎማው እጄ ላይ ሲፈረፈር ሁሉ ይታየኝ ነበር። ያንቺን ሥዕል ካየሁ በኋላ ግን እንጃ። ኮምፒውተሩ እኔን ምን ብሎ ይጠላኛል? እኚያ ሽማግሌ እኮ ሊሞቱ ነበር። ሳልሄድ ነው ሄድኩ የምለው ከሆነ..."

ደረጃውን ሊወርድ ተነስቶ ሳለ ሂካ መለስ አለ።

"እስቲ አንድ ጊዜ እይልኝ። ለሥራው ብዬ አይደለም፤ ሥራ የትም ይገኛል። ሄጄ ከሆነ ሄጃለሁ፣ ካልሄድኩም አልሄድኩም። ብቻ ልወቀው።"

አንጀቷን በላት። ወደ ጠረጴዛዋ ሮጣ ተመለሰች። ቻርቱን ከሠራች ወዲህ ሠንጠረዡን ዞር ብላ አላየችውም፤ ማንስ ያየዋል? ሺህ ምናምን ረድፍ ነው። ቻርቱ ካለ ቻርቱን ነው ሰው የሚያየው። አሁን የሂካን ስም ለየች፤ ቀጥላ የወይዘሮ የሺመቤትን ሕንፃ ለየች። ረድፎቹ አጠሩ። ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ። ከነሐሴ በታች ጳጉሜ አለ። ከመስከረም በታች ደግሞ፣ በገዛ እጇ የተጻፈ፣ 30/2/2018፦ "የበሩ ጎማ አልቋል፤ በአስቸኳይ ይቀየር።"

ደጋግማ አነበበችው። ሄዷል። ሰውየው ሄዷል። ታዲያ ቻርቱ ምን ሆኖ ነው ያልቆጠረው?

መጀመሪያ ሥራ እንደጀመረች የሆነ ነገር ትዝ አላት። ቀን ስትጽፍ ቁጥሮቹ ወደ ሳጥናቸው ቀኝ ጥግ ይሄዱ ነበር፤ አንዳንዶቹ ግን እምቢ ብለው ግራ ጥግ ላይ ይቀራሉ። ለዓይን አልጣማትም። ለውበት ብላ ሁሉንም መሃል ላይ አሰለፈቻቸው፤ አምሮባትም ነበር። አሁን ያንን አሰላለፍ አነሳችው። ቀኖቹ ግር ብለው ወደ ቀኝ ሄዱ። ጳጉሜና ጥቅምት ሠላሳ ብቻ ግራ ጥግ ላይ ቀሩ።

ያኔ ነው ነገሩ የተገለጠላት። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የፈረንጅ ወር ነው። እሱ ዘንድ ሁለተኛው ወር የካቲት አካባቢ የሚውለው አጭሩ ወር ነው፤ ሠላሳ ቀን የለውም። አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባልማ ሰምቶም አያውቅ። ስለዚህ እነዚህን ቀን አይደሉም ብሎ እንደ ተራ ጽሑፍ አስቀመጣቸው፤ ቀን የሚቆጥረው ፎርሙላዋም ዘሏቸው አለፈ። ሌሎቹን ቀኖች ሁሉ የፈረንጅ መስለውት ዝም ብሎ ተቀብሏል። አንዲት ማስጠንቀቂያ እንኳ አላሳያትም። እሷም ብትሆን አላየችም፤ ያየችውንም አስውባ ሸፍናዋለች።

አቶ ዓለምሰገድ ቢሮ ስትገባ ክራቫታቸውን እያሰሩ ነበር።

"ቻርቱ ተሳስቷል" አለች። "ሂካ ሄዷል። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ቀኑን ስጽፍ..." እያለች ላፕቶፗን አስጠግታ አስረዳቻቸው።

አቶ ዓለምሰገድ ፎርሙላውን ትተው ረድፏን ነው ያነበቧት። "በአስቸኳይ ይቀየር" የሚለው ላይ ሲደርሱ ክራቫቱን ለቀቁት። ወረቀቱ በዚያን ጊዜ በእሳቸው እጅ ነው ያለፈው። ሌላ ዕቃ ሲታዘዝ አብሮ ይገዛል ብለው ገፋ አድርገውት፣ ኋላም ረስተውት ነበር። ይህን አልተናገሩም፤ ግን ሳምራዊት ከፊታቸው አነበበችው።

"ማን አይቶታል?" አሉ።

"እኔ ብቻ። አሁን ደግሞ እርስዎ።"

"በሩን ዝጊው።"

ዘጋችው።

"ስሚ፣ ሳምራዊት። ፎቶውን ልኬዋለሁ። አሁን ዞሬ ተሳስተናል ብል ሴትየዋ ምን ይሉኛል? አንድ ሠራተኛ ካጠፋ ድርጅቱ ይተርፋል። ድርጅቱ ካጠፋ ግን ሁላችንም ነን በር ላይ የምንቆመው፤ ሂካም ሳይቀር። ነገሩ ይብረድ፣ እኔ ራሴ እመልሰዋለሁ።"

"ለእሱ ብቻ ልንገረው? መሄዱን ብቻ።"

"ለማንም። ዛሬ ለማንም።" ጠረጴዛው ላይ ያለውን ፖስታ ወደ ጎን ገፉት። "ደብዳቤሽን ከስብሰባው በኋላ እፈርመዋለሁ። ስህተቱን የሠራሽው ደግሞ አንቺ መሆንሽን አትርሺ።"

ወጥታ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፤ ተነሳች፤ ውኃ ቀዳች፤ ሳትጠጣው አስቀመጠችው። የሰውየው ንግግር የቂል ንግግር ቢሆን ኖሮ ይቀላት ነበር። ሕንፃዎቹ ከሄዱ ስንቱ ሠራተኛ ይበተናል? የራሷ ደብዳቤስ? ዛሬ ማታ ፍሬ "ፈረሙልሽ?" ስትላት ምን ትመልሳለች? ደግሞ ይመልሱታል፤ አቶ ዓለምሰገድ ክፉ ሰው አይደሉም፣ ፈሪ እንጂ። ግን ያ ሰውዬ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ የገዛ ጭንቅላቱን እየመረመረ ነው። ይህቺን ልታልፋት አልቻለችም። እጇ ሳታስበው ወደ ኪቦርዱ ሄደ። ከቀኑ አጠገብ አዲስ ኮለም ከፈተችና ወሩን በፊደል መጻፍ ጀመረች፤ ፎርሙላውንም ከቀኑ አንስታ ወደዚያ አዞረችው። ጥቅምት ጋ ስትደርስ የወይዘሮ የሺመቤት መምጣት ተሰማ፤ ያቺ ሳጥን ባዶ እንደሆነች ላፕቶፑን ይዛ ተነሳች።

ወይዘሮ የሺመቤት ከመግባታቸው በፊት ትንፋሻቸው ነው የገባው። በሩን ተደግፈው ቆሙ።

"ሊፍት እንጠግናለን ትላላችሁ፤ እኔን በዚህ ጉልበቴ ስድስት ፎቅ ታስወጡኛላችሁ" አሉ።

"ይቅርታ፣ ወይዘሮ የሺመቤት። የዚህ ሕንፃ ውል የኛ አይደለም" አሉ አቶ ዓለምሰገድ ወንበር እየሳቡ።

"ከዚህ በኋላ የኔም የናንተ አይሆን ይሆናል።" ተቀምጠው ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ቀይ ቀስት ያለበት ፎቶ ተከፍቷል። "ሂካ የምትሉት ይሄ ሰውዬ የታለ?"

"ውጭ ነው። ጉዳዩን ከጨረስን በኋላ እንጠራዋለን። ሳምራዊት፣ አሳይን።"

ኬብሉን ሰካች። ግድግዳው ላይ ከነረድፉ ሠንጠረዡ ወጣ፤ ቻርቱም ጎኑ ላይ አለ። ጳጉሜ አሁን ዓምድ አለው፤ ጥቅምት ገና ባዶ ነው።

"ይሄን አይደለም፤ ያዘጋጀሽውን አውጪው" አሉ አቶ ዓለምሰገድ ቀስ ብለው።

ሳምራዊት የተናገረችው ወደ ወይዘሮ የሺመቤት ዞራ ነው።

"ስልክዎ ላይ ያለው ቻርት ትክክል አይደለም። የሠራሁት እኔ ነኝ፤ የተሳሳትኩትም እኔ ነኝ። አሁን አርመዋለሁ።"

"ምንድነው የምትለው ልጅቷ?" አሉ ወይዘሮ የሺመቤት።

ሳምራዊት ባዶዋ ሳጥን ላይ ጠቅ አደረገችና "ጥቅምት" ብላ ጻፈች። የቀረው ኢንተር መጫን ብቻ ነው። ጣቷን አሳረፈችበት፤ ከዚያ አነሳችው። ወንበሯን ወደኋላ ገፍታ ተነሳችና በሩ ጋ ሄዳ ከፈተችው። ሂካ ኮሪደሩ ላይ የዕቃ ቦርሳውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ወለሉን እያየ ተቀምጧል።

"ጋሽ ሂካ፣ ና ግባ።"

"ተጠራሁ?"

"እኔ ነኝ የጠራሁህ።"

"ሳምራዊት" አሉ አቶ ዓለምሰገድ ከውስጥ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው።

"እሱ ሳያየው አልነካውም" አለች። ሂካ ገብቶ ግድግዳው አጠገብ ቆመ፤ ቦርሳውን የት እንደሚያኖረው ቸግሮት እንደያዘው ቀረ። ሳምራዊት ወደ ወንበሯ ተመለሰች። "እዚያ ጋ እይ። መጨረሻ ላይ፣ ጥቅምት የሚለው ጋ።"

ኢንተሩን ተጫነችው። ከባዶው ቦታ ላይ ሰማያዊው ዓምድ ብድግ አለና ከሌሎቹ ጋር እኩል ቆመ።

ወይዘሮ የሺመቤት መነጽራቸውን አድርገው ረድፏን ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ፤ "የበሩ ጎማ አልቋል፤ በአስቸኳይ..." አቋረጡና ወደ አቶ ዓለምሰገድ ዞሩ። አቶ ዓለምሰገድ ጠረጴዛውን ያያሉ። ሂካ ማንንም አልሰማም፤ ዓይኑ ግድግዳው ላይ ነው። ቦርሳውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አኖረው።

"ሄጄ ነበር" አለ። "ለካ ሄጄ ነበር።"